የካራቫኗ መስኮት ጎሚኒ፦ ውሃው በየት ገባ?

በ2023 እ.ኤ.አ. ኦክቶበር መጨረሻ ላይ በመኪና የምትጎተት ቤታችንን፣ ካራቫናችንን፣ ለብርዱ ወራት ልንዘጋት ፍራሾቹን ስናወጣ፣ ከፊት መስኮቱ ስር የነበረው ፍራሽ ጠርዙ ጠቁሮ አገኘነው። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አሸተተችና «ይሄ የሻገተ እንጀራ ሽታ ነው» አለች። ግድግዳውን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ስርጉድ አለ። ኮምፔርሳቶ ስርጉድ ካለ ውሃ ጠጥቷል ማለት ነው፤ ይህን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያሻም።

የምንኖረው እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ከተማ ነው። ካራቫኗ በ1998 የተሠራች ባለ አራት አልጋ ስትሆን በ2022 ጸደይ ላይ በ1,900 ፓውንድ ገዛናት። ሦስት ልጆች ይዞ በኦገስት ስካርቦሮ ባሕር ዳርቻ ሆቴል መያዝ በእኛ ኪስ አይሞከርም። የመንጃ ፈቃዱም ነገር ቀልሎልን ነበር። ከ1997 ወዲህ ፈቃድ ያወጣ ሰው ከበድ ያለ ተጎታች ለመሳብ ሌላ ፈተና ይጠየቅ የነበረው በዲሴምበር 16 ቀን 2021 ቀርቶ እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ተፈቅዶለታል። እኛም ተሽቀዳድመን ገባንበት። ዝናቡን ግን ማንም አልቆጠረውም።

የእነዚህን ቤቶች ግድግዳ ያላየ ሰው ብረት ይመስለዋል። የኛዋ ከውጭ ስስ የአልሙኒየም ቆርቆሮ፣ መሐሉ ፎምና ቀጫጭን የእንጨት አጥንት፣ ከውስጥ ሦስት ሚሊ ሜትር የማይሞላ ኮምፔርሳቶ ነው። ሦስቱም ተጣብቀው ነው ጥንካሬ የሚያገኙት። ውሃ በመካከላቸው ከገባ ከውጭ አልሙኒየሙ አያስወጣውም፣ ከውስጥ በፕላስቲክ የተሸፈነው ኮምፔርሳቶ አያስወጣውም፤ እዚያው እንጨቱን እያበሰበሰ ይቀመጣል። ለዚህ ነው የእርጥበት መለኪያ የሚባለው ትንሽ መሣሪያ እዚህ አገር ካራቫን ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቀው። ሁለት መርፌዎቹን ግድግዳው ላይ ስትደግፋቸው በመቶኛ ቁጥር ይሰጥሃል። ከ15 በታች ደኅና ነው ይባላል። ከ15 እስከ 20 ዓይን አይለየው፣ ከ20 በላይ መፈተሽ አለበት፣ ከ30 ካለፈ እንጨቱ ሳይጎዳ አይቀርም። የኔን በ25 ፓውንድ ገዝቼ ዞርኩበት። የጎንና የኋላ ግድግዳዎች ከ11 እስከ 14። ከፊት መስኮቱ ስር፣ በግራ በኩል 21፣ መሐሉ 28፣ የቀኝ ጥጉ 34።

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ አለብኝ። በተገዛችበት ዓመት በጋ ላይ የዚያ መስኮት ጎሚኒ፣ ማለትም ዙሪያውን የሚያሽገው ላስቲክ፣ ጥጉ ላይ ተሰንጥቆ አይቼ ነበር። ከሰፈር ሱቅ አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዝቼ ዙሪያውን በሙሉ፣ በተለይም የታችኛውን ጎን፣ ጣቴን በምራቅ እያረጠብኩ ሞላሁት። ነጭና ንጹሕ ሆኖ ሲታየኝ ኮርቼም ነበር። ፎቶ አንስቼ ለወንድሜ ልኬለታለሁ።

ብርዱ አልፎ በ2024 ማርች አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ። ጋሼ በወጣትነታቸው ልደታ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ላሜራ ሠሪ ነበሩ፤ የላንድክሩዘር መስታወት አውጥተው ሲመልሱ ልጅ ሆኜ አይቻለሁ። ካራቫን ግን ዓይተው አያውቁም። መጀመሪያ ቀን ዙሪያዋን ዞሩና «ባለ ጎማ ቤት ነዋ!» አሉ። ቀጥለው ሲሊኮኔን በጥፍራቸው ፈቀቅ አደረጉና «ይህን ማን ነው የለጠፈው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«ውሃው እንዳይወጣ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጎሚኒው ታችኛው ጎን ላይ ሁለት ትንንሽ ክፍተቶች ነበሩት፤ ከላይ ሾልኮ የገባ ውሃ በነሱ በኩል ወደ ውጭ እንዲፈስ የተተዉ ናቸው። እኔ ስንጥቅ መስለውኝ ደፍኛቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የገባው ጠብታ ሁሉ መውጫ አጥቶ ወደ ግድግዳው ዞሯል። የ34 በመቶው ግማሽ ያህሉ የኔ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሲሊኮኑን ለማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። ከዚህ በኋላ ማንም ሰው ካራቫን ላይ ሲሊኮን ሲቀባ ካየሁ እጁን እይዛለሁ። አንደኛ፣ አንዴ ሲሊኮን ያረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ማጣበቂያ አይዝም፤ ሲሊኮን ራሱ እንኳ በአሮጌ ሲሊኮን ላይ በደንብ አይጣበቅም። ሁለተኛ፣ ርካሹ ዓይነት ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው አሲድ ስለሚያወጣ ነው፤ አልሙኒየም ደግሞ ይህን አይወድም። ሦስተኛው ነገር መስኮቱ ነው። የካራቫን መስኮት መስታወት አይደለም፣ አክሪሊክ ነው፤ ሁለት ስስ ፕላስቲኮች በጠርዛቸው ተጣብቀው መሐላቸው አየር ያለበት። በምላጭ ብትነካው ይጫራል። በቲነር ወይም በአልኮል ብትጠርገው ደግሞ ወዲያው ምንም ላታይ ትችላለህ፤ ቆይቶ ግን ውስጡ በሸረሪት ድር በሚመስል ስንጥቅ ይሞላል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ በፕላስቲክ መፋቂያ፣ በእንጨት ስንጥር፣ በሳሙናና በውሃ ሆነ። ጋሼ አንድ የቡና ማማሰያ ሹል አድርገው ቀርጸው እሱን ነበር የሚጠቀሙት። ባለቤቴ ማማሰያዋን እስከ ዛሬ ትፈልጋለች።

አሮጌው ጎሚኒ ሲወጣ ነገሩ ግልጽ ሆነ። የፕላስቲክ ቅልቅል ያለው ዓይነት ስለነበር ማለስለሻው በፀሐይ ብዛት ከውስጡ ተንኖ አልቋል። እንደዚህ ያለ ጎሚኒ መድረቅ ብቻ ሳይሆን ያጥራል። በአራቱ ጥጎች ላይ የተሳበ ነበር፤ በቀኙ የላይ ጥግ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ክፍተት ነበረው። አዲስ ሲገዛ ኢ.ፒ.ዲ.ኤም. የሚባለው ላስቲክ የሚመረጠው ፀሐይንም ኦዞንንም ስለሚችል ነው፤ የመኪና በር ጎሚኒዎችም አብዛኞቹ ከሱ ናቸው።

ቀጥዬ የሠራሁት ስሕተት ገንዘብ ያስወጣ ነው። የጎሚኒውን ፎቶ ከአንድ ሻጭ ፎቶ ጋር አመሳስዬ አራት ሜትር ተኩል አዘዝኩ፤ 22 ፓውንድ። ሲመጣ ቅርጹ አንድ ነው፣ ቀለሙ አንድ ነው፣ እግሩም ጉድጓዱ ውስጥ ጥብቅ ብሎ ገባ። መስኮቱን ስዘጋው ግን መያዣዎቹ አልዞር አሉ። ባዶ ሆዱ፣ ማለትም መስኮቱ ሲዘጋ የሚጨፈለቀው ክብ ክፍል፣ የአሮጌው 8 ሚሊ ሜትር ሲሆን የአዲሱ 11 ነበር። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ብዬ በጉልበት ዞር ዞር አድርጌ ዘጋሁትና አደርኩ። ጠዋት ጋሼ ሲያዩት ተቆጡ። መያዣው አክሪሊኩን በአንድ ነጥብ ላይ ነው የሚስበው፤ ሌት ተቀን ከተሳበ እዚያችው ነጥብ ላይ ይሰነጠቃል። አዲስ ጎሚኒ በጥቂት ፓውንድ ይገኛል፣ አዲስ መስኮት ግን ለአሮጌ ካራቫን ከተገኘም ከተፈታ ካራቫን ላይ ነው፤ ዋጋውም ሌላ ነው።

«ጎሚኒ በፎቶ አይገዛም፤ ቆርጠህ ይዘህ ትሄዳለህ» አሉኝ። መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ቢሆን እንዲያ ነው የሚደረገው፤ አሮጌዋን ቁራጭ በኪስ ይዞ ከሱቅ ሱቅ እያመሳከሩ። እኔም ሦስት ሴንቲ ሜትር ቆርጬ፣ ጫፏን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በእርሳስ ዙሪያዋን አሰመርኩ፤ የእግሩን ስፋት፣ የአንገቱን ውፍረት፣ የሆዱን ከፍታ በካሊፐር ለካሁ። ያልተጨፈለቀ ቦታ መርጦ መለካት ያስፈልጋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት ተጨፍልቆ የኖረ ሆድ እውነተኛ ቁመቱን አይናገርም። ቁራጯን ለጎሚኒ ሻጮቹ በፖስታ ላክሁላቸው። ትክክለኛው በሳምንቱ መጣ፤ 27 ፓውንድ።

አገባቡ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ካለ። መስኮቱ 1 ሜትር ከ40 በ55 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ዙሪያው 3 ሜትር ከ90 ይሆናል። ጎሚኒውን ለብ ባለ ውሃ ነክረን አለዘብነው። ጋሼ አንድ ነገር ላይ አጥብቀው ያዙኝ፦ እንዳትስበው። እየሳቡ ካስገቡት ያኔ ልክክ ይላል፣ ከወር በኋላ ተመልሶ ያጥርና ጥጉ ላይ ያንኑ ክፍተት ይከፍታል። እንዲያውም በየጥጉ ወደ ኋላ ገፋ እያደረግን፣ በመጨረሻም ከልኩ አንድ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ አስረዝመን ቆርጠን ጫፍ ለጫፍ እየተገፋፉ እንዲገጥሙ አደረግን። መጋጠሚያውን የት እናድርገው በሚለው ላይ ትንሽ ተከራከርን። እሳቸው ታች ይሁን፣ የገባ ውሃ ይወጣበታል አሉ። እኔ ውሃ የሚተኛው ታች ስለሆነ ላይ፣ መስኮቱ ከሚንጠለጠልበት ሐዲድ ስር ይሁን አልኩ። መውጫ ክፍተቶቹ ታች እስካሉ ድረስ ላይ ይሻላል ብዬ አሁንም አምናለሁ። ቤቱ የኔ ስለሆነ ተዉልኝ።

ሥራው አለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሼ ግን «ውሃ ሳይፈስበት አላለቀም» አሉ። እሷን ቀን ነው ከሁሉ በላይ የተማርኩባት።

ላስቲክ ቱቦ ቀጠልን። እሳቸው ውጭ፣ እኔ ባትሪ ይዤ ውስጥ። እኔ ብሆን ኖሮ ቱቦውን ከላይ ለቅቄ ዝናብ አስመስለው ነበር። እሳቸው ከታች ጀመሩ። የታችኛውን ጎን ብቻ አሥር ደቂቃ፣ ያለ ግፊት፣ ዝም ብሎ እንዲወርድ። ደረቅ። ከዚያ የቀኝ ጎን አሥር ደቂቃ። ደረቅ። የግራው፣ ደረቅ። ከላይ ብትጀምር ውሃው ሁሉንም ቦታ እያረጠበ ስለሚወርድ በየት እንደገባ አይታወቅም፤ ከታች ወደ ላይ ስትሄድ ግን የፈሰሰባት ሰዓት ቦታዋን ትናገራለች። አዲሱ ጎሚኒ ሦስት ጎን አለፈ። ልቤ ሞላ። ከመስኮቱ በላይ ወዳለው የአልሙኒየም ሐዲድ ሲደርሱ፣ አራት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ በቀኙ የላይ ጥግ ከኮምፔርሳቶው ጀርባ አንዲት ጠብታ ብቅ አለችና ቁልቁል ተንሸራተተች።

«ጋሼ! ያቁሙ፣ ያቁሙ!»

«የት?»

«ላይ ነው፤ ከጎሚኒው በላይ!»

ውጭ ሆነው ሳቁ። ጎሚኒው ጥፋተኛ ነበር፣ ዋናው ሌባ ግን ሌላ ነበር።

የካራቫን መስኮት ከላይ በአንድ ረጅም የአልሙኒየም ሐዲድ ላይ ይንጠለጠላል። ሐዲዱ በብሎኖች ከግድግዳው ጋር ታስሮ፣ የብሎኖቹን ራስ ደግሞ አንድ ስስ ነጭ የፕላስቲክ ጥብጣብ ይሸፍነዋል። ብዙ ሰው ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል፤ እኔም ጭምር። ከጌጥነቱ በላይ ግን ብሎኖቹን ከዝናብ የሚጠብቅ ክዳን ነው። የኛው ቢጫ ሆኖ፣ ልክ እንደ ጎሚኒው አጥሮ፣ በቀኝ ጫፉ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ሸሽቶ ነበር። በዚያ በኩል ዝናብ ገብቶ በጥብጣቡ ስር እንደ ቦይ ይሄድና ያገኘውን የብሎን ቀዳዳ ሁሉ ይጎበኛል። ጥብጣቡን በካቻቪቴ ጫፍ ነቅዬ ስስበው አብሮት የዛገ ውሃ ወጣ። ከአሥራ አንድ ብሎኖች አራቱ ዝገው ነበር፤ የአንዷ ራስ ሲነካ ተቆርጦ ቀረ።

ሐዲዱን ለማውረድ መጀመሪያ መስኮቱ መውጣት አለበት። ይህን ብቻውን የሚሞክር ሰው እንዳይኖር። መደገፊያ ክንዶቹ ሲፈቱ መስኮቱን የሚይዘው ነገር አይኖርም፤ አንዱ ይዞ ሌላው የሐዲዱን ጫፍ ማቆሚያ ፈትቶ፣ በትክክለኛው ማዕዘን ገልብጦ ወደ ጎን ማንሸራተት ነው። ወጥቶ ብርድ ልብስ ላይ ተኛ። ከሐዲዱ ስር የነበረው ማሸጊያ እንደ ደረቀ ጭቃ እየተፈረፈረ ወረደ። ፋብሪካው ያኔ ያደረገው ቡቲል ነው፤ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ፣ ጨርሶ የማይደርቅ ተብሎ የሚታሰብ። ሃያ ስድስት ዓመት ግን ሃያ ስድስት ዓመት ነው።

ሐዲዱን ከመመለሳችን በፊት ግድግዳው መድረቅ ነበረበት። ይህን ዘልዬ ልዘጋው ፈልጌ ነበር፤ የልጆቹ ዕረፍት እየደረሰ ነውና። ከውስጥ 40 በ20 ሴንቲ ሜትር ኮምፔርሳቶ ቆርጠን ስናነሳ የታችኛው እንጨት ቀኝ ጫፍ በጣት የሚዛቅ ሆኖ አገኘነው፤ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል። ጋሼ ላሜራ እንጂ እንጨት አልሠሩም፤ ቢሆንም የበሰበሰውን ፍቀው አዲስ ቁራጭ ገጠሙበት። ከዚያ ቀዳዳው ክፍት ሆኖ፣ እርጥበት የሚመጥ ማሽን ሌትና ቀን እየሠራ፣ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ 6። እርጥብ እንጨት ላይ አዲስ ኮምፔርሳቶ መለጠፍ ድስቱን ከድኖ ማበስበስ ነው።

ሐዲዱን ስንመልስ አሮጌዎቹን የብሎን ቀዳዳዎች በውሃ የማይበገር ኮላ የተነከሩ የእንጨት ስንጥሮች ሞላናቸው፣ አዲሶቹ ብሎኖች የሚነክሱት ነገር እንዲያገኙ። ብሎኖቹ ከማይዝግ ብረት። ከሐዲዱ ጀርባ ሁለት ረድፍ የቡቲል ጥብጣብ። ጠዋቱ ስምንት ዲግሪ ነበርና ቡቲሉ እንደ ድንጋይ ሆኖብን በባለቤቴ የጸጉር ማድረቂያ አሞቅነው። ብሎኖቹን ከመሐል ወደ ዳር፣ እያፈራረቅን፣ ቡቲሉ በጠርዙ ብቅ ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ አጠበቅናቸው። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ከተጠበቁ ቡቲሉ በሙሉ ተጨምቆ ይወጣና የሚያሽገው ነገር አይቀርም። በነጋታው ሌላ ሩብ ዙር። የተረፈውን በእንጨት ስንጥር ቆርጠን አነሳን። ነጩን ጥብጣብ፣ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ በሙቅ ውሃ አለዝበን ሳንስብ አስገባንና ትርፉን ሳምንት አቆይተን ቆረጥነው።

ሁለተኛው የውሃ ሙከራ ከታች እስከ ጣሪያ ድረስ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እኔ ባትሪዬን ይዤ አንገቴ ደረቀ፤ ግድግዳውም ደረቅ ነበር።

ወጪውን ለሚጠይቁኝ፦ ጎሚኒ 27፣ የተሳሳተው ጎሚኒ 22፣ ቡቲል 9፣ ነጭ ጥብጣብ 8፣ ብሎን 6፣ እንጨትና ኮምፔርሳቶ 31፣ መለኪያው 25፤ በድምሩ 128 ፓውንድ። አንድ የጥገና ቤት ግድግዳውን ብቻ ለመሥራት 640 ጠይቆኝ ነበር። የጋሼን የእጅ ዋጋ አልጨመርኩም፤ ጥብስና የሊድስ ዩናይትድ ኮፍያ ነው ያስከፈሉኝ።

ቀኙን ጥግ በየሁለት ሳምንቱ እለካ ነበር። ሜይ መጨረሻ 27፣ ጁን አጋማሽ 22፣ ጁን መጨረሻ 19። በዚህ መሐል ሌሎቹን ሦስት መስኮቶች ፈተሽኩ፤ ጎሚኒዎቻቸው ገና ለስላሳ ስለነበሩ አልነካኋቸውም፣ ነጫጭ ጥብጣቦቹን ግን ሁሉንም ቀየርኩ።

ጋሼ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ፣ ጁላይ ላይ፣ ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ በስልክ እየተሰማኝ ደወሉ። የተረፈውን የ11 ሚሊ ሜትር ጎሚኒ በሻንጣቸው ይዘው ሄደው ነበር፤ ለጎረቤታቸው ሚኒባስ በር ሞክረውት ልክ ሆኗል።

«ያ ጥግ ስንት አለ?»

«አሥራ ስድስት ጋሼ።»

«ገና ነው፤ ኦክቶበር ላይ እንደገና ለካው።»